የሰፈራችን የመሐል መስመር

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት

እግሬ አብጧል። ዛሬም ሜትር ስጎትት ዋልኩ። ጠዋት ከስታዲየም ጀርባ፣ ቀጥሎ ቂርቆስ ውስጥ፣ ከሰዓት ካዛንቺስ። አዲስ አስፋልት የለበሱትን የሰፈር ውስጥ መንገዶች እየለካሁ ነው። መሐላቸው ላይ ነጭ መስመር ይቀባላቸው ወይስ ይቅርባቸው? ወሳኟ እኔ ነኝ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ። ቀለሙ ገብቷል። መቀቢያ ማሽኑ ተራ ተይዞለታል። የቀረው የኔ ፊርማ ነው።

ትልቅ ሰው የሆንኩ አይመስልሽም፣ ደብተሬ? ባለ ፊርማ!

አለቃዬ አቶ ሽፈራው ምን አስጨነቀሽ ባይ ናቸው። ሁሉም ይቀባ፣ ከተማው ይመር፣ በቃ። እኔ ደግሞ አይሆንም ባይ። ጠባብ መንገድ መስመር ሲሰመርበት ሹፌር ይደፍራል። መስመር ከሌለ ቀስ ይላል፣ ከፊቱ የሚመጣውን ሰው ዓይን ዓይኑን ያያል፣ ስፖኪዮውን አጥፎ በምልክት እለፍ ይለዋል። መስመር ካለ ግን “ግማሹ የኔ ነው” ብሎ ይነዳል። ይሄን ስነግራቸው ሳቁብኝ። መስመር የሌለው መንገድ ቁልፍ የሌለው ሸሚዝ ነው አሉ። ለማንኛውም ምክንያትሽን በጽሑፍ አቅርቢ ተብያለሁ።

አሁን ወደ ጉዱ። ከሰዓት የሄድኩበት የካዛንቺስ መንገድ የኛው ሆኖ ቁጭ! የተሰጠኝ የመንገዱ መለያ ቁጥር ብቻ ነበር። ጥጉን ስታጠፍ ጋሽ ሸምሱ ከሱቃቸው ብቅ ብለው፣ አንቺ ሒሩት፣ ደግሞ መሬታችንን ልትሸጪው ነው እንዴ ብለው አሾፉብኝ። ለካሁት። ከቱቦ እስከ ቱቦ አምስት ሜትር ከምናምን። ሁለት መኪና ሲተላለፍ መሐላቸው ድመት አትገባም። ግራና ቀኝ ያሉት ቱቦዎች አፋቸው እንደተከፈተ ነው፣ ክዳኑ ይመጣል እንደተባለ ቀረ።

ውሳኔው ግልጽ ነው። አያስፈልግም። አባዬ ተኝቷል እንጂ ነግሬው ይስቅ ነበር። ዕድሜውን በሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ልጅ ሆኜ፣ ጠባብ መንገድ ራሱ ትራፊክ ፖሊስ ነው ይለኝ ነበር። ትምህርቱን ከዩኒቨርሲቲ በፊት ከሱ ነው የሰማሁት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3፣ ማታ

አልሳቀም።

ክው ብያለሁ። ጠዋት ቢሮ ስገባ ጠረጴዛዬ ላይ ማመልከቻ። የሰፈራችን እድር ማኅተም አለበት። መንገዳችን እንደማንኛውም ሥልጡን መንገድ የመሐል መስመር ይቀባልን ይላል። ፈራሚው የእድሩ ዳኛ። የእድሩ ዳኛ ማን ነው? አባቴ! አንድ ቤት እያደርን፣ ከአንድ ትሪ እየበላን፣ ትንፍሽ አላለም።

አቶ ሽፈራው ከትከት ብለው ሳቁ። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄ ነው አሉ። ቢሮው ሁሉ ተቀባበለው። ጆሮዬ እስኪግል።

እራት ላይ አነሳሁበት። የሰፈሩ ሰው ፍላጎት ነው አለኝ። የሰፈሩን ሰውስ አውቃለሁ። ዓምና የታችኛው ግማሽ ፈርሶ ጎረቤት ሁሉ ዳር ዳር ኮንዶሚኒየም ከተበተነ ወዲህ፣ የቀረነው ሰዎች ጥላ የምንፈራ ሆነናል። አሁን የተያዘው ወሬ፣ መስመር የተሰመረለት ሰፈር ሰነድ ላይ ሰፍሯል ማለት ነው፣ አይፈርስም የሚል ነው። ከነመስመሩ የፈረሰ መንገድ በዓይኔ አይቻለሁ ብል ማን ሊሰማኝ? ተስፋ ነው፣ ሰው ተስፋ ይፈልጋል።

አባዬ ግን እንዲህ ያለ ወሬ የሚያምን ሰው አይደለም። የገዛ ቃሉን አስታወስኩት። ጠባብ መንገድ ራሱ ትራፊክ ነው ያልከኝስ? ቀና ብሎ አላየኝም። ለሰፈርሽ ቀለም ነፈግሽ አለኝ። ለቀለም!

አኮረፍን። እሱ ሬዲዮ ላይ ተደፋ፣ እኔ አንቺ ላይ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6፣ ረፋድ

ጉድ ፈላ። ኧረ ጉድ!

ገና ከአልጋዬ ሳልነሳ ውጭ ጫጫታ። ሰው የሞተ መስሎኝ ነጠላ ደርቤ ወጣሁ። ቀብተውታል! ራሳቸው! ጋሽ ሸምሱ የሲባጎ ጫፍ ይዘው እዚያ ማዶ፣ ሌላው ጫፍ እኛ በር ላይ፣ መሐል የሰፈሩ ወንዶች ጎንበስ ብለው በሮለር ነጭ የበር ቀለም። የብረት በር ቀለም፣ ዘይት ቀለም! ዝናብ ሲነካው እንደ ሳሙና የሚያንሸራትት። መስመሩ ቀጥ ብሎ ይመጣና ጋሽ ሸምሱ ሱቅ ፊት ለፊት ሲደርስ ወደ ግራ ይጎብጣል። እዚያ ጋ ሲባጎው ተረግጦ ነው አሉ።

ጮህኩ። የመንግሥት መንገድ ነው፣ አይቻልም፣ ሕገ ወጥ ነው አልኩ። የጋሽ ሸምሱ ሚስት ወ/ሮ ዘቢባ አቅፈው ሳሙኝ። እንኳን ደስ አለሽ ይሉኛል! ሠርጌ ይመስል።

አባዬ መሐል ቆሟል። መስመሩ ላይ። ሁለት እግሩን ገጥሞ፣ ቁልቁል እያየው። እንደዚያ ሲደሰት ካየሁት ስንት ጊዜዬ። ልቆጣው ሄድኩ። ያምራል አይደል አለኝ። ጎባጣ ነው አልኩት። ጎባጣም ቢሆን ይታያል አለ።

ተመልሼ ገባሁ። ሳቄም መጣ፣ ንዴቴም። ሰኞ አቶ ሽፈራው ሲሰሙ ምን ይውጠኛል?

ሰኞ፣ ኅዳር 8፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት

አቶ ሽፈራው ሰሙ። ተደሰቱ! ፎቶ አንሺና አምጪ፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎ ብለን ሪፖርት ላይ እናስገባዋለን አሉ።

ከሥራ መልስ ጋሽ ሸምሱ ሱቅ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ለማየት። ያልኩት ሆኗል ደብተሬ። ደስ ይበለኝ ወይስ ልዘን አላውቅም። ኦሎምፒያ መንገዱ ሲዘጋጋ የሚያቋርጡት ሁሉ በኛ በኩል መምጣት ጀምረዋል። አርብ ዕለት እዚህ የገባ ቪትዝ እየተሳበ፣ ሰላም እያለ ነበር የሚያልፈው። ዛሬ ግን ግማሹን ይዞ ሽው። ከፊቱ ሌላ መጣ፣ እሱም ግማሹን ይዞ ሽው። ማንም ለማንም አይቆምም። ስፖኪዮ ከስፖኪዮ ሊሳሳም የጸጉር ክር ሲቀረው አየሁ። ጋሽ ሸምሱ ሦስት ጊዜ ቢስሚላሂ አሉ።

ግን ያስደነገጠኝ ይሄ አይደለም። የመኪናውን ነገር ጠብቄው ነበር።

ሰው መስመሩ ላይ ነው የሚሄደው! በሰልፍ! ተማሪዎቹ አንድ ባንድ ተከታትለው፣ እናቶች ዘንቢል ይዘው፣ አንዱ ደግሞ ስልኩን እየነካካ። ግራና ቀኝ የተከፈተ ቱቦ፣ ቱቦው አጠገብ የቆመ መኪና፣ ስለዚህ ድሮም በመሐል ነበር የሚሄዱት። አሁን ግን መሐሉ መንገዳቸው ሆኗል። መኪና ሲመጣ እንኳን አይወርዱም። ወ/ሮ ዘቢባን አስቆምኳቸው። እማማ ምነው በመስመሩ ላይ አልኳቸው። እንዴ፣ ለኛ ለእግረኞች አይደል እንዴ የተቀባው አሉኝ። እኛ አይደለን የቀባነው?

ሹፌሩ መስመሩ ለኔ ነው ይላል። እግረኛው መስመሩ ለኔ ነው ይላል። ሁለቱም አንድ ቀለም ላይ እየተሳፈሩ ነው። አፌን ይዤ ቁጭ አልኩ። ይሄን የትኛውም መጽሐፍ ላይ አላነበብኩትም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

አጭር። ደክሞኛል። አቶ ሽፈራው ዛሬም ስለ ፊርማው። ሕዝቡ ራሱ ወስኖ የለም እንዴ፣ አንቺ ምን ሆነሽ ነው የምታንገራግሪው አሉኝ። ሹፌሮቹን ነገርኳቸው። ሰልፈኛውን ነገርኳቸው። ሰው ይለምዳል አሉ።

ይለምዳል ወይስ ያልቃል? አላልኩም። በልቤ ነው።

አባዬ ከአስር ሰዓት ጀምሮ እየወጣ እየተመላለሰ ይዞራል ብለው ነገሩኝ ጋሽ ሸምሱ። ከሱቅ እስከ ቤት፣ ከቤት እስከ ሱቅ። ስንት ወር ከቤት አልወጣም ብሎ ያስቸገረ ሰው! ደስ ይበለኝ መሰለኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት

ፊደሌ ካልተነበበ ይቅርታ።

ሥራ አልሄድኩም። ኅዳር ሲታጠን ነው ዛሬ። ከንጋት ጀምሮ በየደጁ ቆሻሻ እየተቃጠለ ሰፈሩ በጭስ ታፍኗል። አባዬ ሚካኤልን ተሳልሞ ለመምጣት በጠዋት ወጣ። ስልኩን ረስቶ። ይዤ ተከተልኩት። ጠርቼ ላስቆመው አፌን ስከፍት አንድ ነገር አየሁ።

በሩ ላይ ቆሟል። እግሩን ወደ ፊት ሰደደ። መሬቱን ዳሰሰ። እንደገና ዳሰሰ። ነጩን ሲያገኝ ሌላኛውን እግሩን አመጣና ገጠመ። ከዚያ መሄድ ጀመረ። አንገቱን ደፍቶ፣ እግሩ ሥር ብቻ እያየ፣ ነጠላው እየተጎተተ። ወ/ሮ ዘቢባ ጭሱ ውስጥ ቆመው ጋሽ ዘለቀ እንኳን አደረሰዎ አሉት። ዞር አላለም። አባዬ ሰላምታ የማይመልስ ሰው? እጃቸውን አውለብልበውለታል እኮ፣ ክንዱን ሊነኩት ምንም አልቀራቸው! ድምፃቸውን ሲያውቅ፣ የሌለ አቅጣጫ ላይ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። ወደ ግንቡ።

ወደሱ ተራመድኩ።

ያን ጊዜ ነው መኪናው የመጣው። ከጭሱ ውስጥ፣ ከታች፣ ፈጥኖ። ግማሹን ይዞ። አባዬ መስመሩ ላይ ነው፣ ትከሻው ግን ወደ ሹፌሩ ግማሽ ገብቷል። ክላክስ ተነፋ። አባዬ አልተነቃነቀም። ጮህኩ። ፍሬኑ ሲያፏጭ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው የመኪናው አፍንጫ የነጠላውን ጥለት ነክቷል። ነክቷል! ልጅ እግሩ ሹፌር ሊሳደብ ወርዶ፣ የአባዬን ፊት ሲያይ ራሱን ይዞ አስፋልቱ ላይ ተቀመጠ። አባቴ ምነው፣ አባቴ ምነው ብቻ ይላል።

አባዬ ግን ምን አለ መሰለሽ? ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ “መስመሬ ላይ ነኝ እኮ!”

አያይም። አባቴ አያይም፣ ደብተሬ። የምወደው ሰው፣ ከአንድ ማዕድ የምቆርሰው ሰው፣ አጠገቤ ሆኖ ዓይኑ ጠፍቷል።

ያው ቀን፣ ከሰዓት

ዝም አይነቅዝም የሚል ሰው ነው። ሻይ አፈላሁለት። ፊቱ ተቀመጥኩ። በመጨረሻ ጣቶቼን ከጎኑ አውጥቼ ስንት ነው አልኩት። የት አለ።

ከዚያ ተናገረ። ከፋሲካ በፊት ጀምሮ ዳር ዳሩ መጥፋት ጀመረ። መሐሉ ብቻ ይታየዋል፣ በጠባብ ቧንቧ እንደሚያይ ሰው። ጥቁር ላይ ነጭ ከሆነ በደንብ ይለያል። ድሮ ሰፈሩን በልቡ ያውቀው ነበር። የእማማ አስካለ ቆርቆሮ አጥር፣ ከዚያ ትልቁ ዋርካ፣ ከዚያ የወፍጮ ቤቱ ድምፅ፣ ከዚያ ታጥፎ ቤቱ። ሲፈርስ ሁሉም ሄደ። ሁሉም ጥቁር አስፋልት ሆነ። ወጥቶ ጠፍቶ ያውቃል። የራሱ በር ፊት ለፊት ቆሞ ሰው እስኪያልፍ ጠብቆ፣ ሰዓት ስንት ሆነ ብሎ በሰበብ ድምፅ አስወጥቶ፣ ድምፁን ተከትሎ ገብቷል። ለዚህ ነው ከቤት መውጣት የተወው። ለዚህ ነው መስመሩን የለመነው። የሰፈሩን ሰው ፍርሃት አይቶ አላስተባበለም፣ ጥቅሙ ነበርና።

ለምን አልነገርከኝም አልኩት። ቤት ታስቀምጪኛለሽ አለኝ። ደግሞ ዕውር ዳኛ ማን ያከብራል አለ።

ቤት ታስቀምጪኛለሽ። ይቺ ቃል ደረቴ ላይ ተቀምጣለች። እውነት አስቀምጠው ነበር? አዎ። አስቀምጠው ነበር።

ሰኞ፣ ኅዳር 15፣ ማታ

ጾም ገባ። ጠዋት ዓይን ሐኪም ጋ ይዤው ሄድኩ። ግላኮማ ነው፣ የዓይን ግፊት። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ግን አልማረችንም። የጠፋው አይመለስም። ቀድሞ ቢመጣ ኖሮ ብዙ ይተርፍ ነበር። የቀረችውን ጠባብ ብርሃን በጠብታ ለማቆየት እንሞክራለን አለች። እንሞክራለን! እኔ ወንበሩን ይዤ ቀረሁ። አባዬ ግን ቀልድ ያዘ። አውቶቡስ ስነዳም የማየው ፊት ለፊቴን ብቻ ነበር፣ ዳር ዳሩን ረዳቱ ነው የሚያየው አላት። ሳቀች። እኔ ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ።

ጠብታውን ማታ ራሴ አደረግሁለት። ጨቅጫቃ በሽተኛ ነው። ቀዘቀዘኝ፣ ፈሰሰ፣ ዓይኔን ወጋሽው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17፣ ከቀኑ 6 ሰዓት፣ ቢሮ

ለምሳ ሁሉም ወጥቷል። እኔ ሁለት ወረቀት ፊቴ ዘርግቻለሁ። አንዱ ላይ ያስፈልጋል፣ አንዱ ላይ አያስፈልግም።

ያስፈልጋል ብዬ ብፈርም ማን ይከፋል? አለቃዬ ደስ ይላቸዋል፣ ሰፈሩ ደስ ይለዋል፣ አባዬ በእግሩ ይወጣል ይገባል። ማሽኑ መጥቶ ቀጥ ያለ፣ የሚያበራ፣ ከጎባጣው የተሻለ መስመር ይቀባለታል። ከዚያ አንድ ቀን ጭስ ሳይኖር፣ ፍሬን ሳይዝ፣ መስመሩ ላይ ሆኖ ይሞትብኛል። አያስፈልግም ብዬ ብፈርም ደግሞ መንገዱን ከእግሩ ሥር ነጥቄ ወንበር ላይ አስቀምጠዋለሁ። የገዛ አባቴን። በፊርማ።

መሐንዲስ ነኝ ብዬ ሦስተኛ ነገር ፈለግሁ። ቱቦውን በአንድ በኩል ከድነን፣ ነጩን መስመር በዳር፣ በግንቡ ሥር ብንቀባስ? ለሱም፣ ለተማሪውም፣ ለዘንቢል ያዡም። መሐሉ ባዶ ይሁን። ከምሳ በፊት ለአቶ ሽፈራው ወሰድኩት። ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ለመጪው ዓመት በጀት አስገቢው አሉኝ። ዘንድሮ የተያዘው የመሐል ቀለም ብቻ ነው። ደግሞ አንድ ነገር ጨመሩ። ለናንተ መንገድ አያስፈልግም ካልሽ፣ ተመሳሳይ ስፋት ላላቸው ሁሉ አያስፈልግም ማለትሽ ነው። ማሽኑ ወደ ሌላ ክፍለ ከተማ ይሄዳል። እኔ ለበላይ ምን ልበል አሉ።

አላውቅም። ምሳዬን አልበላሁም።

ዓርብ፣ ኅዳር 19፣ ምሽት

ወ/ሮ ዘቢባን ስፖኪዮ ክርናቸውን መታቸው። መስመሩ ላይ ሲሄዱ። ክርናቸው ጠቁሯል፣ አልተሰበረም፣ አልሐምዱሊላህ ይላሉ። ስኳሩ ተበትኖ፣ ሽንኩርቱ ቱቦ ገብቶ። መኪናው ሳይቆም አለፈ። ግማሹን ይዞ ነበራ!

ሮጬ ሄጄ እማማ አሁንስ እናጥፋው አልኳቸው። እንዳትነኪው አሉኝ። ጥፋቱ የሹፌሩ ነው። መስመሩን ካጠፋሽው ሊያፈርሱን ነው ማለት ነው። እያለቀሱ። በተመታ ክርን እየለመኑኝ! እኔ ሽንኩርት ለቀምኩ።

ቤት ገብቼ ለአባዬ ነገርኩት። እሑድ እድር አለ፣ ነይ አለኝ። እኔን ይበሉኛል አልኩት። አይበሉሽም አለ።

እሑድ፣ ኅዳር 21፣ ከሰዓት

ከእድር አሁን ገባሁ። ቁጭ ማለት አቃተኝ።

ድንኳኑ ሥር አግዳሚው ሞልቷል። አባዬ ስሜን ጠርቶ ተናገሪ አለኝ። ተነሳሁ። መስመሩ አደገኛ ነው ብዬ ሳልጨርስ ጉርምርምታ። አንዱ፣ የመንግሥት ልጅ ሆናለች። ሌላው፣ ኮንዶሚኒየሙን ቀድማ መርጣ ነው። ጋሽ ሸምሱ ተዉአት ቢሉም ማን ይስማ። ተቀመጥኩ።

አባዬ ተነሳ። ጠረጴዛውን በእጁ ዳሰሰና ቆመ። ዝም እስኪሉ ጠበቀ። ከዚያ በቀስታ፣ የእድር ሒሳብ እንደሚያነብ ሰው፣ ዓይኔ ጠፍቷል አለ። መስመሩን ያስመኘኋችሁ ለራሴ ነው። መስመር ያለው ሰፈር አይፈርስም የሚለውን ወሬ ስትሉ ሰምቼ ዝም ያልኩት ለራሴ ስል ነው። በመኪና ልሞት ነበር፣ ዘቢባም በኔ ምክንያት ተመታች። ይቅር በሉኝ። ዳኝነቱንም ለሚያይ ሰው ስጡ። ተቀመጠ።

ይሄን ቀጥ ያለ ቃል እንደሚናገር አልነገረኝም። ያን ሁሉ የደበቀውን፣ በአንድ ትንፋሽ፣ በአደባባይ!

መጀመሪያ የተናገሩት ወ/ሮ ዘቢባ ናቸው። ክርናቸውን እንደያዙ። “ኧረ እርስዎ ሰውዬ! ዳኛ በጆሮው አይደል እንዴ የሚሰማው?” አሉት። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ከዚያ ሁሉም በአንዴ ማውራት ጀመረ። ዳኝነቱን አንቀበልም ብለው መለሱበት። ጋሽ ሸምሱ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ድረስ እኔ አደርሰዋለሁ፣ ሱቄን ዘቢባ ትጠብቃለች አሉ። መስመሩ ይጥፋ ወይ ብሎ አባዬ ጠየቀ። እጅ ወጣ። ሁሉም አይደለም፣ ግን ይበቃል። የፈሩት እየፈሩ አወጡ። ቱቦውን በአንድ በኩል ከየቤታችን በምንችለው እንክደን ያለም አለ። ሲከድኑት አምናለሁ።

አባዬ የወጣው እጅ ብዙ ነው ወይ አለኝ ወደ ቤት ስንመጣ። ብዙ ነው አልኩት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 25

በየጠዋቱ ከሥራ በፊት እየሄድን ነው። እኔ በመኪናው በኩል፣ እሱ በግንቡ በኩል። አትያዢኝ ይላል። አልይዘውም። ግንቡን በእጁ ጀርባ እየነካ ይሄዳል። የጋሽ ሸምሱን ሱቅ በዘይቱና በሳሙናው ሽታ ለይቶታል። የጎረቤታችንን በር በዝገቱ። አንዴ የቆመ መኪና አጋጠመውና በጉልበቱ ገጨው፣ የሹፌሩን ሰባት ትውልድ ሰደበ። እኔም ረዳሁት።

አሁንም ግን መስመሩ ጋ ሲደርስ ያቀረቅራል። ይስበዋል። የሚያየው ነገር እሱ ብቻ ነው። አውቃለሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 27፣ ከሰዓት በኋላ

ጠዋት ጥቁር ቀለም ተገዝቶ መጣ። ወንዶቹ ሮለር ይዘው ቆሙ። አባዬ እኔ ነኝ የማጠፋው አለ። ሁሉም አየኝ። ምን ላድርግ? ስጡት አልኩ።

ጋሽ ሸምሱ አንድ ጥግ፣ እኔ አንድ ጥግ ቆመን መኪና አስቆምን። አባዬ ተንበረከከ። ከታች ጀመረ። ከማናችንም የተሻለ ያየዋል! ለኛ ነጭ ቀለም ነው፣ ለሱ ዓለም ላይ የቀረ ብቸኛ ነገር ነው። አንዲት ጭረት አላመለጠችውም። የጎበጠው ቦታ ላይ ሲደርስ ዘወር ብሎ ሸምሱ እዚህ ጋ ነው የረገጥከው አለ። ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ከኋላው ከኋላው እየጠቆረ ሲሄድ አየሁ። መንገዱን በገዛ እጁ ከዓይኑ እያወጣ ነበር። ተው ልለው ፈለግሁ። ይቅር፣ እንደምንም ይሁን፣ ነጩ ይቆይልህ ልለው። ምላሴን ነክሼ ቆምኩ።

በራችን ጋ ጨረሰ። የቀረ ነጭ አለ ወይ አለኝ። ከላይ እስከ ታች አየሁ። የለም አልኩት። እኔም አይታየኝም አለ።

ሮለሩን ሰጠኝ። እጁን በሱሪው ጠረገ። ተነሳ። ትንሽ ቆመ፣ ፊቱን ወዲህም ወዲያም አዞረ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ፣ ቤታችን በየት በኩል ነው አለኝ።

በሩ ፊቱ ነበር። ክንዴን ሰጠሁት። ያዘኝ።

አሁን ተኝቷል። እኔ ወረቀቱን ሞላሁት። የመሐል መስመር፦ አያስፈልግም። ለኛም፣ ለማንኛውም ይህን ለሚያህል ጠባብ መንገድ። የዳር መስመርና የቱቦ ክዳን ይቅደም። ፈርሜያለሁ። የእጄ ጥቁር ቀለም ፊርማው ላይ ታትሟል። አልቀይረውም፣ ሰኞ እንዲሁ አስገባዋለሁ።